ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ምን ይሠራ ነበር?

ጥንታዊ የእጅ መሣሪያዎችን ለይቶ ማወቅና መጠበቅ ከገበሬ ማኅበር መሪዎች ይጠበቃል

የሰው ልጅ መሣሪያ ሠርቶ መጠቀም ከጀመረባቸው የዓለም ክፍሎች አንዷ አገራችን መሆኗ የታወቀ ነው። በአፋር ክልል ጎና በተባለው ሥፍራ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላቸው በጥናት ተረጋግጧል። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ የአገራችን ሕዝብ ድንጋዩን ፈልጦ፣ እንጨቱን ጠርቦ፣ ብረቱን ቀጥቅጦ፣ ቆዳውን ፍቆ የሚያስፈልገውን መሣሪያ በገዛ እጁ ሲሠራ ኖሯል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ዛሬ ስማቸው እየተረሳ፣ ብረቱ በኪሎ እየተሸጠ፣ እንጨቱም ማገዶ እየሆነ በመጥፋት ላይ ይገኛል። ችግሩ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ለማሳየት በሰሜን ሸዋ ደጋ በአንድ ቀበሌ ያየነውን በቅድሚያ እንገልጻለን።

የመጋዘኑ ጽዳት

የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ማስቀመጫ የሚሆን ቦታ በማስፈለጉ፣ የቀበሌው መሪዎች ለብዙ ዓመት ተዘግቶ የቆየ አንድ የጭቃ ቤት ለማጽዳት ይወስናሉ። ቤቱ ሲከፈት ከአሮጌ ጆንያና ከተሰበረ ወንበር ሥር በርካታ ዕቃ ተገኘ። የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴም ወሬውን ሰምቶ ሚዛኑን ይዞ በማግስቱ ከደጃፍ ደረሰ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን ሽያጩ ለአንድ ቀን እንዲዘገይ አድርገው ዕቃው በሙሉ ከግቢው መሐል እንዲዘረጋና የአካባቢው አዛውንት መጥተው እንዲያዩት አስደረጉ።

ወጣቶቹ ወዲያው ለይተው ያወቁት ማጭድ፣ ዶማና የተሰበረ ቀንበር ነበር። ስም ሳያገኝ የቀረው ግን ይበዛል። ሞላላ የብረት ቀለበት፣ ከስንዝር የማይበልጥ ድቡልቡል ብረት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ጭረት ያለበት የጎበጠ እንጨት፣ ሁለት ጫፉ የተቦረቦረ ጡጫ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ፣ መሐሉ የተበሳ ክብ ድንጋይ፣ አንድ ያረጀ ትልቅ ቁናም ነበረ። ነጋዴው ብረቱን ብቻ ለይቶ ወደ ሚዛኑ አስጠጋ። የቀረውን «ማገዶ ነው» አለ።

ቀለበቱና ድቡልቡሉ ብረት

ቀለበቱን ያነሡት ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ያለፈ አንድ አባት ነበሩ። «ይህማ ወገል ነው» አሉ ገና በእጃቸው ሲያገላብጡት። ወገል የማረሻውን ብረት ከእንጨቱ አካል ጋር አጥብቆ የሚይዝ ቀለበት ነው። ማረሻ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በርካታ ክፍል ያለው መሣሪያ መሆኑ አይዘነጋም። አራሹ የሚጨብጠው እርፍ፣ ረጅሙ ሞፈር፣ አፈሩን ግራና ቀኝ የሚከፍሉት ድግሮች፣ በበሬዎቹ ጫንቃ ላይ የሚያርፈው ቀንበር፣ አንገታቸውን የሚይዙት ማነቆዎች፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው የቆዳ ጠፍር ምራን፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው እርሻ የሚኖረው። ከእነዚህ ውስጥ ከአፈር ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዘመን የሚቆየው ብረቱ ብቻ ነው። በመሆኑም እርሻ ላይ ሞላላ ቀለበት ያገኘ ሰው የበር ማጠፊያ ወይም የከብት ሰንሰለት ቁራጭ ነው ብሎ ከመጣሉ በፊት ወገል እንዳይሆን ማሰብ ይኖርበታል።

ድቡልቡሉን ብረት ግን ወንዶቹ ሁሉ ተቀባብለው ማወቅ ተሳናቸው። አንዱ የበር መወርወሪያ ነው አለ፤ ሌላው የመኪና ዕቃ ነው ብሎ ተከራከረ። ከኋላ ቆመው ይሰሙ የነበሩ አንዲት አሮጊት ወደ ፊት ቀረብ ብለው፣ «እናንተ ልጆች፣ እናቶቻችሁ ምን አልብሰው አሳደጓችሁ? መዳመጫ አታውቁም?» ሲሉ ሳቅ ሆነ። መዳመጫ ጥጥን ከፍሬው የሚለይ መሣሪያ ነው። ሴቲቱ ከእግሯ ሥር ለስላሳ ጠፍጣፋ ድንጋይ ታስቀምጣለች፤ ጥጡን በድንጋዩ ላይ ዘርግታ ድቡልቡሉን ብረት በላዩ ስታንከባልለው ፍሬው ተጨምቆ ወደ ፊት ይወጣል፣ ንጹሑ ጥጥ ይቀራል። ብረቱ ያለ ድንጋዩ፣ ድንጋዩም ያለ ብረቱ ሥራ የለውም። በዚህ ምክንያት አንዱ ብቻውን ሲገኝ ለማወቅ ያስቸግራል።

ማገዶ የተባለው እንጨት

የጎበጠውን እንጨት አሮጊቷ ራሳቸው አነሡት። ጫፍና ጫፉ ላይ ያለውን ጭረት በጣታቸው ዳሰሱና ጅማት የታሰረበት መሆኑን አሳዩን። ደጋን ነው። ከፍሬው የተለየው ጥጥ ገና የተጨማደደ በመሆኑ፣ የደጋኑን ጅማት በጥጡ ላይ እያነጠሩ ይነድፉታል። ጥጡ እየተፈታ እንደ ደመና ሲነፋ ለእንዝርት ይደርሳል። ከዚያ ይፈተላል፣ ማጉም ለሸማኔ ይሰጣል።

ይህ ጸሐፊም በዚህ ረገድ ጥፋት አለበት። በልማት ሠራተኛነት በተመደብኩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ያረፍኩበት ቤት ጣሪያ ሥር ተሰክቶ ያገኘሁትን የጎበጠ እንጨት ሰብሬ ቡና አፍልቼበታለሁ። የቤቱ እመቤት ከገበያ ተመልሰው ምድጃውን ሲያዩ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ የእናቴ ደጋን ነበር» ብለው ዝም አሉ። ጅማት ስላልነበረው ደጋን መሆኑን አላወቅሁም። ተምሮ ዲፕሎማ መያዝ ብቻውን የገበሬውን ቤት ዕቃ ለማወቅ እንደማያበቃ ያን ዕለት ተረዳሁ። የእመቤቲቱን ደጋን ግን መመለስ አልተቻለም።

የተቦረቦረው ጥቁር ድንጋይ

ሁለት ጫፉ የተቦረቦረው ድንጋይ የወፍጮ መውቀሪያ ሆኖ ተገኘ። ወፍጮና መጅ በየቀኑ ሲፋጩ ፊታቸው ይለሰልሳል፤ ፊቱ የለሰለሰ ወፍጮ ደግሞ እህሉን ያንሸራትታል እንጂ አይፈጭም። ስለዚህ በየጊዜው በጠንካራ ድንጋይ እየተወቀረ ፊቱ ሻካራ መሆን አለበት። የመውቀሪያው ጫፍ የሚቦረቦረው በዚሁ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ጥንታዊ መሣሪያን መጠበቅ ማለት ወደ ጥንታዊ ድካም መመለስ ማለት አይደለም። እናቶቻችን ከመጁ ላይ ተንበርክከው ለአንድ ቀን ቀለብ ለሰዓታት ሲፈጩ ወገባቸውና ጉልበታቸው ተጎድቷል። የሞተር ወፍጮ በየገጠሩ መስፋፋቱ ለገጠር ሴቶች ታላቅ እፎይታ ነው። መውቀሪያውን የምናስቀምጠው ያ ድካም ምን እንደነበረ ልጆቻችን እንዲያውቁትና ወፍጮ ቤቱ ሲበላሽ ቶሎ እንዲጠገን የሚጠይቁ ሰዎች እንዲሆኑ ነው።

ክቡ ድንጋይ

መሐሉ የተበሳው ድንጋይ ለብዙ ዓመት የበር ማስደገፊያ ሆኖ ያገለገለ ነው። የተገኘው የእርከን ሥራ ሲሠራ ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ መሆኑን የሚያስታውሱ ሰዎች ነበሩ። አዛውንቱም አሮጊቷም ጥቅሙን አላወቁትም። መፍትሔ የሰጠው በሐረርጌ ደጋማ ወረዳዎች ሠርቶ የተመለሰ የእርሻ ባለሙያ ነው።

በሐረርጌ ደጋ ገበሬዎች የሚጠቀሙበት ዶንጎራ የተባለ የመቆፈሪያ እንጨት አለ። ዛሬ ዶንጎራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ድንጋይ መፈንቀያውን ረጅም ብረት ነው። የጥንቱ ዶንጎራ ግን ጫፉ የሾለ ረጅም እንጨት ሆኖ፣ ክብደት እንዲኖረውና ወደ መሬት ጠልቆ እንዲገባ መሐሉ የተበሳ ክብ ድንጋይ ይጠለቅበታል። ብዙውን ጊዜ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው በአንድነት እየወጉ ጓሉን ይፈነቅሉበታል። በሬ ለሌለው ገበሬና በሬ ሊዞርበት ለማይችል ገደላማ መሬት እንዲህ ያለው መሣሪያ ዋጋው ከፍተኛ ነበር።

ይሁንና መሐሉ የተበሳ ድንጋይ ሁሉ የዶንጎራ ድንጋይ አይደለም። ቀላልና ትንሽ ከሆነ የእንዝርት ክብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው በመጀመሪያ ድንጋዩን በእጁ መዘነው፤ እንዝርት ላይ የሚውል እንዳልሆነ ከክብደቱ ተረዳ። ቀጥሎ ቀዳዳውን ተመለከተ። ቀዳዳው ከሁለቱም ወገን ሰፊ፣ መሐሉ ላይ ጠባብ ነው፤ ይህም ሰው ከሁለቱም ወገን እየወቀረ እንደበሳው ያመለክታል። የቀዳዳው ውስጥ ደግሞ በእንጨት መታሸት የለሰለሰ ነው። ድንጋዩ በዚህ ቀበሌ በማን ዘመን፣ በማን እጅ እንደዋለ ከዚህ ተነሥቶ መናገር አይቻልም፤ ነገር ግን የመቆፈሪያ እንጨት ክብደት ሆኖ ያገለገለ ይመስላል። ለአንድ የበር ማስደገፊያ ይህን ያህል ታሪክ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

መሣሪያው እንደ ሰብሉና እንደ መሬቱ ነው

ከዚህ የምንማረው የአንዱ አካባቢ እንቆቅልሽ በሌላው አካባቢ የዕለት ዕቃ መሆኑን ነው። የደቡብ እንሰት አብቃይ ሴቶች እንሰቱን ከሳንቃ ጋር አስደግፈው ቅጠሉን የሚፍቁበት የቀርከሃ መፋቂያ ለጤፍ ገበሬ እንግዳ ነው። የእንሰቱን ሥር የሚፈቀፍቁበት ጥርስ ያለው እንጨት ወይም የከብት አጥንትም እንደዚሁ። በሌላ በኩል የጤፍና የስንዴ ገበሬ በአውድማው ላይ የሚያገላብጥበት መንሽና እህሉን ወደ ነፋስ የሚበትንበት ላይዳ ለእንሰት አገር ልጅ ምንም አይነግሩትም። ከማማ ላይ ሆኖ ወፍና ዝንጀሮ የሚጠብቅ ልጅ የሚጠቀምበት ወንጭፍም ጠጠሩ ከሌለበት የተጠቀለለ ገመድ ብቻ ይመስላል።

መሣሪያን በሚገባ ማወቅ ለዛሬውም የልማት ሥራ ይጠቅማል። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ አፈር የሚገለብጡ የውጭ ማረሻዎችን ወደ ገበሬው ለማስገባት በተደጋጋሚ ተሞክሯል። ነገር ግን ብዙዎቹ ለአገሩ በሬ የሚከብዱ፣ ገበሬው በትከሻው ተሸክሞ ከማሳ ወደ ማሳ የማያዘዋውራቸው፣ ሲሰበሩም የአካባቢው ቀጥቃጭ የማይጠግናቸው ሆነው በስፋት ሳይለመዱ ቀርተዋል። የአገሩ ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ ስለማይገለብጥ ጤፍ ለመዝራት መሬቱን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ማረስ ግድ ይላል፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ቢሆንም ማረሻው ለምን ቀላል እንደሆነ ሳያውቅ ሊያሻሽለው የሚነሣ ሰው ከገበሬው ጋር አይግባባም።

ለይቶ ለማወቅ የሚረዱ ጥያቄዎች

ስሙ ያልታወቀ መሣሪያ ሲያጋጥም የማኅበሩ መሪዎች የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ቢያነሡ ይጠቅማል።

1ኛ/ ከምን ተሠራ? ከእንጨት፣ ከድንጋይ፣ ከብረት፣ ከቀንድ ወይስ ከቆዳ መሆኑን ማየት። ብረት ከሆነ በቀጥቃጭ መዶሻ የተመታ መሆኑን ፊቱ ያሳያል።

2ኛ/ እጅ የያዘው በየት በኩል ነው? ብዙ ዘመን የተጨበጠ ቦታ ይለሰልሳል፣ ያብረቀርቃል። የአንድ እጅ ወይስ የሁለት እጅ መሣሪያ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

3ኛ/ በየት በኩል አለቀ? የሚቆርጥ መሣሪያ በስለቱ፣ የሚወቅር በጫፉ፣ የሚፈጭ በፊቱ ያልቃል። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይበልጥ እውነቱን የሚያወጣው ይህ ነው።

4ኛ/ ጓደኛ አለው ወይ? ወፍጮ መጅ፣ ሙቀጫ ዘነዘና፣ የመዳመጫ ብረት ድንጋይ ይፈልጋል። አንዱ ብቻውን ከተገኘ ሌላውን መፈለግ ያሻል።

5ኛ/ የት ተገኘ? ከአውድማ፣ ከምድጃ አጠገብ፣ ከእርሻ ውስጥ ወይስ ከአሮጌ የቀጥቃጭ ጎጆ ፍራሽ? ከእሳት የተገናኘ የሸክላ ቧንቧ ከብረት ዝቃጭ ጋር ከተገኘ፣ የወናፍ አፍ ሊሆን ስለሚችል በቦታው አንድ ባለሙያ ብረት ያቀልጥ ወይም ይቀጠቅጥ ነበር ማለት ነው።

6ኛ/ ማን ያውቀዋል? ወንዶችን ብቻ ሰብስቦ መጠየቅ በቂ አይደለም። መዳመጫውንና ደጋኑን የለዩት አሮጊቷ መሆናቸውን ልብ ይሏል። እንዲሁም ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ለረዥም ዘመን በሙያቸው ሲናቁና ሲሰደቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ገበሬው ያረሰበትን ብረት የሠሩት፣ ውኃ የቀዳበትን እንስራ ያቃጠሉት እነርሱ ናቸውና በስብሰባው ላይ የክብር ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል።

መልሱ ሲገኝ በደብተር መመዝገብ ያስፈልጋል። የመሣሪያው ስም በአካባቢው ቋንቋ፣ ጥቅሙ፣ የተገኘበት ቦታ፣ የተናገረው ሰው ስምና ቀኑ ይጻፋል። ደብተሩ በአንድ ሰው ቤት ሳይሆን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል።

ስለ አያያዝ

ዕቃውን አሳምራለሁ ብሎ ማበላሸት የተለመደ ስሕተት ነው። ብረት ዝገቱን ለማስለቀቅ በአሸዋ አይፈተግም፤ በውኃም አይታጠብ። ስለቱ እንደገና አይሳል። አፈሩ በደረቅ ጨርቅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይነሣል። እንጨት በቀጥታ መሬት ላይ ከተቀመጠ ለምስጥ ይዳረጋልና በድንጋይ ላይ በተዘረጋ ሳንቃ ይቀመጥ። ቆዳ ከእርጥበትና ከአይጥ ይጠበቅ። ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ማደባለቅም አይገባም።

ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣ ጥንታዊ ዕቃን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በቁፋሮም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ማስታወቅና ዕቃው እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካካ መጠበቅ እንዳለበት ደንግጓል። በየዓመቱ ከጥር ወር ጀምሮ ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ ሲወጣ በብዙ ሺህ ዶማ መሬት ይቆፈራል። ስለዚህ የሥራ ቡድን መሪዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ ቁፋሮውን በዚያ ቦታ አቁመው፣ ቦታውን በችካል ምልክት አድርገው፣ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዲያሳውቁ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። ከቦታው የተነሣ ዕቃ የታሪኩን ግማሽ እዚያው ትቶ ይመጣል።

የቁናው ክርክር

በዚያ ግቢ የመጨረሻው ዕቃ ቁናው ነበር። ቁናን የማያውቅ አልነበረም። አዛውንቱ ግን ገና ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። «ይህ ይቃጠል» አሉ። ሊቀ መንበሩ «አባባ፣ ምነው?» ብለው ጠየቁ።

አዛውንቱ ተቀምጠው ተረኩ። አባታቸው ጭሰኛ ነበሩ። መኸር ሲደርስ የባለ መሬቱ ሰው ከአውድማው ላይ ቆሞ ድርሻውን በዚያ ቁና ያሰፍር ነበር። ሲቀበል ተቆልሎ ነው፤ በክረምት ለቀለብ ሲያበድር ግን አፉ ተስተካክሎ ነው። ልዩነቱ በዓመት ስንት ልጅ እንደሚያበላ አዛውንቱ በልጅነታቸው ያውቁ ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ እርሳቸው ጎልማሳ ነበሩ። የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ የተደረገውም በዚሁ አዋጅ ነው። ከባለ መሬቱ ቤት የተወሰደው ቁና ወደዚያ ጭቃ ቤት የገባው በዚያን ጊዜ መሆኑን ተናገሩ።

ግቢው ጸጥ አለ። ዝምታውን የሰበሩት አሮጊቷ ናቸው። «ወንድሜ፣ ቁናው ምን አጠፋ? የሰፈረበት እጅ ነው እንጂ። ብታቃጥለው እነዚህ ልጆች ተረት ነው ይሉሃል» አሏቸው። አዛውንቱ ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩና፣ ደብተር ይዞ የተቀመጠውን ተማሪ ጠርተው የሚጻፈውን ቃል በቃል ነገሩት። ከጻፈ በኋላ እንዲያነብላቸው አደረጉ፤ «ተቆልሎ» የሚለው ቃል በመቅረቱ አስጨመሩት።

ነጋዴው በዚያን ቀን ከዚያ ግቢ የገዛው የተሰበሩ የወንበር ብረቶችን ብቻ ነው። መሣሪያዎቹ ማዳበሪያ ወደማይገባበት አንድ ክፍል ተዛውረው በሳንቃ ላይ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱም ስሙና የተናገረው ሰው ስም ተጽፎበታል።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት ቀላልና ወጪ የማይጠይቅ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ ክፍልና አንድ ቀን ብቻ ነው። ጊዜው ግን አይጠብቅም። የመሬቱ አዋጅ ከወጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ያንን ዘመን በእጃቸው የሠሩበት አባቶችና እናቶች ቁጥራቸው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ስለሆነም የየማኅበሩ መሪዎች ከመጪው የመኸር ሥራ በፊት በየአካባቢያቸው ያለውን አሮጌ መጋዘን ከፍተው፣ አዛውንቱን ጠርተው፣ ሚዛን የያዘው ነጋዴ ከመድረሱ በፊት የእያንዳንዱን መሣሪያ ስም እንዲያስጽፉ እናሳስባለን።